ነጭ ላወጣ መሬት ኖራ አይበተንም

ጥያቄው፦ «በመካከለኛው አዋሽ፣ አሚባራ አካባቢ ሁለት ሄክታር መሬት ተከራይቼ ከመስኖ ቦይ በሞተር ፓምፕ እየሳብኩ ሽንኩርትና ቲማቲም አመርታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ምርቱ ጥሩ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ዝቅ ባለው የመሬቱ ጫፍ ሽንኩርቱ ጫፉ እየተቃጠለ መሞት ጀመረ። ዘንድሮ ደግሞ ግማሽ ሄክታር የሚሆነው ክፍል ውሃ በጠጣ በሦስተኛው ቀን የትልሙ ጀርባ ላይ ነጭ ነገር ያወጣል። ጎረቤቴ ደጋ ላይ እንደሚደረገው ኖራ በትንበት ይለኛል። አንድ ነጋዴ አምስት ኩንታል ጀሶ ይበቃዋል ብሎ ዋጋ ነግሮኛል። ሌላው ውሃ አብዝተህ እጠበው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንድ ዓመት አሳርፈው ይለኛል። የቱ ነው ትክክሉ? ስንት ኩንታልስ ያስፈልገኛል?»

ከአራቱ ምክሮች ኖራው ፈጽሞ አይሠራም፤ ማሳረፉ ይባስ ያበላሻል። ጀሶውና እጥበቱ ግን ትክክል ሊሆኑ የሚችሉት በጥያቄዎ ውስጥ ያልተጠቀሱ ሁለት ነገሮች ከታወቁ በኋላ ነው። አንደኛው ከማሳዎ ሥር ያለው የከርሰ ምድር ውሃ በምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደሚገኝ ሲሆን፣ ሁለተኛው አፈሩ ተራ ጨው የበዛበት ይሁን ወይስ ሶዲየም የተጣበቀበት ነው። እነዚህ ሳይታወቁ «ስንት ኩንታል» ለሚለው የሚሰጥ መልስ ሁሉ ግምት ነው፤ የነጋዴው አምስት ኩንታልም እንደዚያው።

በቅድሚያ ጨው ከየት እንደመጣ እንመልከት። ብዙ ገበሬ ጨውን መሬቱ ውስጥ ድሮም የነበረና በድንገት የወጣ በሽታ አድርጎ ያየዋል። አንዳንድ ቦታ በእርግጥ ከሥር የተኛ ጨው አለ፤ ለከብት ቦሌ የሚቆፈርበት አገር መሆኑን መርሳት የለብንም። ሆኖም ጨውን በየዓመቱ ማሳው ላይ የሚያራግፈው ራሱ የመስኖው ውሃ ነው። ለመጠጥ የሚጥም ውሃ እንኳ ጨው አለበት። ውሃዎ በሊትር 300 ሚሊግራም የሟሟ ጨው ቢይዝ፣ ይህ በምላስ የማይታወቅ መጠን ነው። በዓመት በሁለት ዙር ምርት ለአንድ ሄክታር 10,000 ሜትር ኩብ ውሃ ቢያጠጡ ግን 3 ቶን፣ ማለትም 30 ኩንታል ጨው ማሳዎ ላይ አፍስሰዋል ማለት ነው። ሰብሉ ውሃውን ይጠጣል፣ ፀሐይ የቀረውን ታተናለች፤ ጨው ግን አይተንም፣ ተክሉም ከጥቂቱ በቀር አይወስደውም። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ክረምቱ ይህን ጠርጎ ወደ ታች ያወርደዋል። በእናንተ አካባቢ ግን ዓመታዊ ዝናቡ ከ600 ሚሊሜትር በታች ሆኖ ትነቱ ከ2,000 ሚሊሜትር በላይ ስለሆነ ጠራጊ የለም።

ታዲያ በሁለት ሄክታሩ ላይ ሁሉ እኩል ውሃ እየፈሰሰ ነጭ ያወጣው ዝቅ ያለው ጫፍ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ይህ ጥያቄዎ ውስጥ ያለ ትልቁ ፍንጭ ነው። ከላይኛው ክፍል የተረፈው ውሃ ወደ ታች ሰርጎ እየተጠራቀመ የከርሰ ምድር ውሃውን በዝቅተኛው ጫፍ ሥር ከፍ አድርጎታል ብዬ እገምታለሁ። የከርሰ ምድር ውሃ ከገጹ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ ከገባ፣ ደለል በሆነ ደቃቅ አፈር ውስጥ ልክ የፋኖስ ክር ላምባ እንደሚስበው ወደ ላይ ይሳባል። ገጹ ላይ ሲደርስ ውሃው ይተንና ጨዉን ትቶት ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን የሚያዩት ነጭ ነገር ይኸው ነው። ትልሙ ውስጥ ሳይሆን ጀርባው ላይ የሚታየውም ከሁለቱም ጎን የገባው ውሃ ወደ ከፍታው ተስቦ እዚያ ስለሚደርቅ ነው።

ይህ በእርስዎ አልተጀመረም። በዚያው በመካከለኛው አዋሽ፣ በመልካ ሳዲና በአሚባራ የተዘረጉት ሰፋፊ የጥጥና የሙዝ እርሻዎች መስኖ ከገባላቸው በኋላ ባሉት ዓመታት የከርሰ ምድር ውሃው ከፍ እያለ መጥቶ ብዙ ሄክታር ጨው በልቶት ተትቷል። በ1980ዎቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ከመሬት በታች የማንጣፈፊያ ቱቦ እስከመቅበር የተደረሰው በዚህ ምክንያት ነው። መስኖ ሲዘረጋ ውሃ ማስገቢያው ታስቦ መውጫው ሳይታሰብ ከቀረ የሚደርሰው ይህ ነው፤ አሁንም አዳዲስ እርሻዎች ላይ የማየው ይህንኑ ነው። ሌላው በእናንተ በኩል ሊታሰብበት የሚገባው ከላይ መተሐራ ላይ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ነው። ሐይቁ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጨረሻ ወደ 3 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ በኋላ ግን ከ40 ካሬ ኪሎሜትር በላይ ሰፍቷል። ውሃው ጨዋማና ሶዲየም የበዛበት ሲሆን በቦይ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ተደርጓል። ስለዚህ ወንዙ ሲቀንስ የሚያጠጡት ውሃ ጥራት ወንዙ ሲሞላ ካለው ጋር አንድ ላይሆን ይችላል። ውሃዎን አንድ ጊዜ አስመርምረው ለዘለዓለም አይመኑት፤ ቢያንስ በሚያዝያና በመስከረም ይለኩት።

የውሃውን ጥልቀት ለማወቅ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። ነጭ ባወጣው ቦታና ጤነኛ በሆነው ቦታ አንድ አንድ ጠባብ ጉድጓድ እስከ ሁለት ሜትር ተኩል ያስቆፍሩ፤ የታችኛው አንድ ሜትር የተበሳሳ የፕላስቲክ ቱቦ ያስገቡበት፤ ዙሪያውን በጠጠር ሞልተው አፉን ይክደኑት። በማግስቱ፣ ከዚያም በየሳምንቱ ውሃ ካጠጡ በኋላና ከማጠጣትዎ በፊት በገመድና በድንጋይ ይለኩ። ድንጋዩ ውሃውን ሲነካ የሚሰማው ድምፅ ይበቃዎታል። ቁጥሩን በደብተር ይያዙ። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ኩንታል ማዳበሪያ ዋጋ አይበልጥም፤ ከሱ በፊት የሚወጣ ማንኛውም ገንዘብ ግን በጨለማ የሚወረወር ነው።

ስለ ኖራው። ጎረቤትዎ የሰማው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በጎጃም፣ በወለጋና በሌሎች ዝናባማ ደጋማ አካባቢዎች አፈሩ ኮምጥጦ ፒኤቹ (የኮምጣጣነቱ መለኪያ) ከ5.5 በታች ሲወርድ ኖራ ይበተናል፤ በዚያ ትክክለኛ መድኃኒት ነው። የኮመጠጠ አፈር ዝናብ መልካሙን ማዕድን ጠራርጎ የወሰደበት ሲሆን፣ የእርስዎ ደግሞ ዝናብ ምንም ያልጠረገለት ነው፤ ሁለቱ የተቃራኒ ጫፍ በሽታዎች ናቸው። የአዋሽ ደለል አብዛኛው ፒኤቹ ከ7.5 በላይ ሲሆን በራሱ ኖራ ያለበት ነው። ለማረጋገጥ ጥቂት አፈር ላይ ኮምጣጤ ቢያንጠባጥቡ አረፋ ሲያወጣ ያያሉ። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ኖራ ስለማይሟሟ እንደ አሸዋ ተኝቶ ይቀራል። አመድም በዚሁ ስም የሚበተንበት ቦታ አይቻለሁ፤ አመድ ደግሞ ምንም አለመሥራቱ ብቻ ሳይሆን ራሱ ጨውና አልካላይ ስለሚጨምር ለዚህ መሬት ጎጂ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ፣ ወደ ጨው ወይስ ሶዲየም ልምጣ። ተራ ጨዋማ አፈር በገጹ ላይ ነጭ ያወጣል፣ ሲረገጥ ግን ልል ነው፣ ውሃም ደህና ይገባዋል። ሰብሉን የሚጎዳው ሥሩ ውሃ እንዳይስብ በመከልከል ነው፤ ለዚህ ነው ሽንኩርትዎ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ የተጠማ መስሎ የሚጠወልገው። ሶዲየም የበዛበት አፈር ግን ሌላ ነው። ሶዲየም ከሸክላው ቅንጣት ላይ ሲጣበቅ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ መያያዛቸው ቀርቶ ይበታተናሉ፣ ቀዳዳውን ይደፍኑታል፤ ውሃ ከላይ ለቀናት ይተኛል፣ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። ብዙ ጊዜ ቀለሙም ነጭ ሳይሆን ጠቆር ያለ፣ ዘይት የፈሰሰበት የሚመስል ነው፤ አልካላዩ የአፈሩን ብስባሽ አሟሙቶ ገጹ ላይ ስለሚያወጣው ነው። ሁለቱም በአንድ ላይ የሚገኙበት መሬትም ጥቂት አይደለም፤ እሱ ደግሞ ከሁሉም አታላይ ነው፣ ምክንያቱም ጨዉ እስካለ ድረስ አፈሩ ልል ሆኖ ይታያል።

ይህን በቤትዎ መለየት ይቻላል። ከታመመው ቦታ ከ20 ሳንቲሜትር ጥልቀት የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ደረቅ ጓል ይውሰዱ፤ ውስጡ በሚታይ ብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ወይም ተኖ የተጣራ (ዲስትልድ) ውሃ ይጨምሩና ጓሉን ቀስ አድርገው ያስቀምጡት። የቦይ ውሃ አይጠቀሙ፣ ራሱ ጨው ስላለበት ያሳስትዎታል። አይነቅንቁት። ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ከዚያም በማግስቱ ይመልከቱት። ጓሉ ተፈርፍሮ ውሃው ግን ጥርት ብሎ ከቀረ ችግሩ በዋናነት ተራ ጨው ነው። በጓሉ ዙሪያ ወተት የመሰለ ደመና ተነሥቶ ሳይረጋ ካደረ ግን ሶዲየም አለ። ጨውና ሶዲየም አብረው ያሉበት አፈር በመጀመሪያው ሙከራ ጥርት ብሎ ሊያታልል ስለሚችል፣ ውሃውን ቀስ ብለው ደፍተው በአዲስ የዝናብ ውሃ ሁለትና ሦስት ጊዜ ይድገሙት። ጨዉ ታጥቦ ሲሄድ ደመናው ከተነሣ ሁለቱም አሉ ማለት ነው።

ይህ ሙከራ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ መጠን አይነግርም። ለመጠኑ አፈሩን ወደ ቤተ ሙከራ መላክ አለብዎት፤ በአቅራቢያዎ የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፣ የአካባቢውን አፈርም ያውቀዋል። ከታመመው ክፍልና ከጤነኛው ለየብቻ፣ ከ0 እስከ 30 እና ከ30 እስከ 60 ሳንቲሜትር ድረስ በየክፍሉ ከአሥር ቦታ ያህል ሰብስበው አዋህደው ይላኩ። ነጩን ቅርፊት ብቻ ጠርጎ መላክ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውጤቱ ያስደነግጣል እንጂ ምንም አይጠቅምም። ሊጠይቁ የሚገባዎት ፒኤች፣ የጨዉን ብዛት የሚያሳየው የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ መጠን፣ የአፈሩ ማዕድን የመያዝ አቅም እና ከዚህ ውስጥ ሶዲየም የያዘው ድርሻ ናቸው። በተለምዶ የኤሌክትሪክ ማስተላለፉ በአንድ ሜትር ከ4 ዴሲሲመንስ በላይ ከሆነ አፈሩ ጨዋማ ይባላል፤ የሶዲየሙ ድርሻ ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ ሶዲየማም ይባላል፣ ፒኤቹም ብዙውን ጊዜ ከ8.5 በላይ ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ 4 የሚለው ወሰን የሚሠራው በውሃ ከጠገበ የአፈር ሊጥ ተጨምቆ በተለካ ጭማቂ ነው። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ሥራውን ለማቅለል አንድ እጅ አፈር በአምስት እጅ ውሃ በጥብጠው ይለካሉ። የዚያ ቁጥር እንደ አፈሩ ዓይነት ከ6 እስከ 10 እጥፍ ያህል ያነሰ ስለሚሆን፣ 0.6 የሚል ወረቀት ይዞ «መሬቴ ጤነኛ ነው» ያለ ገበሬ ገጥሞኛል። እንዴት እንደተለካ ሳይጠይቁ ወረቀቱን አይረከቡ።

ውጤቱ ሶዲየም የለም ካለ ጀሶ አይግዙ። ተራ ጨውን የሚያስወግደው ውሃ ብቻ ነው፤ ጀሶ ራሱ ጨው ስለሆነ ያለ ምክንያት ሲጨመር ሸክም ነው። ሶዲየም ካለ ግን ጀሶ ተገቢው መድኃኒት ነው፤ በውስጡ ያለው ካልሲየም የሶዲየሙን ቦታ ይወስዳል፣ የተነቀለው ሶዲየም ደግሞ ከውሃ ጋር ወደ ታች ይወርዳል። መጠኑን በቁጥር እንየው። በ30 ሳንቲሜትር ጥልቀት በአንድ ሄክታር፣ በአንድ ኪሎ አፈር አንድ ሴንቲሞል (ቤተ ሙከራው ማዕድን የሚለካበት አሃድ) ሶዲየም ለመንቀል በስሌት ወደ 3.4 ቶን ንጹሕ ጀሶ ያስፈልጋል። አፈርዎ 40 ሴንቲሞል የመያዝ አቅም ያለው ሸክላማ አፈር ቢሆንና የሶዲየሙን ድርሻ ከ25 በመቶ ወደ 10 በመቶ ማውረድ ቢፈልጉ፣ የሚነቀለው 6 ሴንቲሞል ስለሆነ ለሄክታር 20 ቶን ገደማ፣ ለግማሽ ሄክታርዎ 10 ቶን፣ ማለትም 100 ኩንታል ይሆናል። የነጋዴው አምስት ኩንታል ከዚህ ከሃያ እጅ አንዱ ብቻ ነው። በእርግጥ ይህ ምሳሌ ነው፤ የእርስዎ አፈር ከዚህ በብዙ ሊያንስ ይችላል። የጀሶው ንጽሕና ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ መጠኑ ይጨምራል። ጀሶ በሊትር ውሃ ከ2.5 ግራም ብዙም ስለማይበልጥ የሚሟሟው፣ 10 ቶን ለማሟሟት ብቻ 4,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈልጋል። በአንድ ወቅት ሊያልቅ የሚችል ሥራ አይደለም፤ በሁለትና በሦስት ዓመት ከፋፍሎ መስጠት ነው የሚሻለው። ለግድግዳ የሚሸጠው የተቃጠለ ጀሶ ለዚህ ሥራ አይገዛም፤ የሚፈለገው ሳይቃጠል የተፈጨው ነው፣ ዋጋውም ያነሰ ነው።

ወደ እጥበቱ ስንመጣ፣ ስሌቱ ቀላል፣ ሁኔታው ግን ከባድ ነው። በግርድፉ የአፈሩን ጥልቀት የሚያህል ከፍታ ያለው ውሃ ካሳለፉበት በዚያ ጥልቀት ካለው ተራ ጨው ወደ 80 በመቶ የሚሆነው ይሄዳል። 60 ሳንቲሜትር ለማጠብ 60 ሳንቲሜትር ውሃ ማለት ነው፤ ለግማሽ ሄክታር 3,000 ሜትር ኩብ። ፓምፕዎ በሰዓት 40 ሜትር ኩብ የሚስብ ከሆነ የ75 ሰዓት ሥራ ነው። ይህንንም በአንድ ጊዜ ከማተኛት ይልቅ በ10 ሳንቲሜትር ከፍሎ፣ አንዱ ሰርጎ ሲያልቅ ሌላውን እያስከተሉ መስጠት ውሃ ይቆጥባል፤ በደቃቅ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ጨው ወደ ትልልቁ ለመውጣት ጊዜ ያገኛልና። መሬቱ ካልተደላደለ ደግሞ ከፍ ያለው ቦታ ሳይታጠብ ዝቅ ያለው ይሰምጣል፤ ስለዚህ በትንንሽ መደብ ከፍሎ፣ ዙሪያውን ጠንካራ ድንበር አድርጎ ማደላደል ይቀድማል። የምመክረው ወቅት ጎርፉ ጎድሎ ሙቀቱ የሚቀንስበት ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ ያለው ነው።

ሁኔታው ከባድ የሚሆነው ግን የታጠበው ውሃ የት ይሄዳል ሲባል ነው። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት በስምጥ ሸለቆ አንድ እርሻ ላይ ይህን ሳልጠይቅ እጥበት አዝዤ ነበር። ሦስት ሳምንት ውሃ ተኛበት፣ ልኬቱ በግማሽ ወረደ፣ እኔም ሪፖርት ጽፌ ተመለስኩ። ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቱ ሲጠራኝ ገጹ ከበፊቱ ይባስ ነጥቶ ነበር። ጉድጓድ ስናስቆፍር ከገጹ 90 ሳንቲሜትር ላይ ውሃው ከጎን እየተንጠባጠበ ይገባ ጀመር፤ ሠራተኛው በጣቱ ቀምሶ ተፋው። እኛ ጨዉን ያባረርነው መስሎን አንድ ሜትር ዝቅ አድርገን አስቀምጠነው፣ በላዩም ውሃ ጨምረን አቅርበነዋል። ከዚያ ወዲህ መውጫ ለሌለው መሬት እጥበት አላዝዝም።

መውጫ ማለት ደግሞ ከማሳው ሥር ያለውን ውሃ የሚቀበል፣ ከአንድ ሜትር ተኩል እስከ ሁለት ሜትር የጠለቀ ክፍት ቦይና ያ ቦይ የሚደፋበት ዝቅ ያለ ቦታ ነው። በአካባቢው ቀድሞ የተቆፈሩ ማንጣፈፊያ ቦዮች አሉ፤ ብዙዎቹ በደለል፣ በቄጠማና ፕሮሶፒስ በሚባለው እሾሃማ መጤ ዛፍ የተደፈኑ ናቸው። አዲስ ከመቆፈርዎ በፊት በታችኛው ጫፍዎ በኩል የሚያልፍ እንዲህ ያለ ቦይ እንዳለ ይጠይቁ፤ ካለ ከጎረቤቶችዎ ጋር ሆኖ ማስጠረጉ ከጀሶም ከማዳበሪያም የበለጠ ዋጋ አለው። የሚያወጡትን ጨዋማ ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ መስኖ ቦዩ መልሰው እንዳይለቁ። በታች ያለው ሰው የሚጠጣው እሱኑ ነው፣ ጠቡም አይቀርም።

ሌላ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አፈሩ ሶዲየም ካለበት፣ ጀሶ ሳይቀድም በንጹሕ ውሃ አያጥቡት። ጨዉ ብቻ ታጥቦ ሶዲየሙ ሲቀር ሸክላው ይበታተንና መሬቱ ውሃ የማያስገባ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ጀሶውን እንኳ ወደ ታች የሚወስደው አይገኝም። በብርጭቆው ሙከራ ያዩት ደመና በማሳዎ መጠን ሲሆን ማለት ነው።

«አንድ ዓመት አሳርፈው» የሚለው ምክር ለተዳከመ የደጋ መሬት የተባለ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ በሆነበት ቆላ ባዶ የተተወ መሬት አያርፍም፤ ፀሐይ ቀን ከቀን ከሥሩ ውሃ እየሳበች ጨዉን ከላይ ስትከምርበት ይከርማል። መሬቱን ከሽንኩርት ማሳረፍ ከሆነ እስማማለሁ፤ ራቁቱን መተው ከሆነ ግን አይሁን። በተተወ መሬት ላይ የሚበቅለው ፕሮሶፒስም ጨው ስለሚችል ብቻ መፍትሔ መስሎ እንዳይታይዎት፤ አንዴ ከገባ መሬቱን ከጨዉ ይልቅ ከፕሮሶፒስ ማስለቀቅ ይከብዳል።

ሰብልን በተመለከተ፣ እርስዎ የመረጡት ሽንኩርት ጨው ከማይችሉት አትክልቶች ውስጥ በግንባር ቀደም የሚጠቀስ ነው። የአፈሩ የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ልኬት 1.2 ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ 16 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ልኬቱ 4 ላይ ሲደርስ፣ ገና «ጨዋማ» የሚለው ስም ሲሰጠው፣ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ምርትዎ ሄዷል። ቲማቲም እስከ 2.5 ድረስ ይችላል፤ በ4 ላይ የሚያጣው 15 በመቶ ያህል ነው። በቆሎና በርበሬ ከሽንኩርት ብዙም አይሻሉም፣ ቦሎቄ ደግሞ ከሽንኩርትም ይብሳል። በሌላው ወገን ስንዴ 6፣ ማሽላ ወደ 7፣ ጥጥ 7.7 ድረስ ሳይነካ ያልፋል። ያ መሬት ለብዙ ዓመታት የጥጥ አገር ሆኖ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ለመኖ የሚሆን እንደ ሮደስ ያለ ሣርም ጨው ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ገጹን ስለሚሸፍንና ሥሩም ውሃውን ስለሚጠጣ የከርሰ ምድር ውሃውን ዝቅ ለማድረግ ይረዳል። አርብቶ አደር ባለበት አገር ደግሞ ገዢ አያጣም። ነገር ግን እነዚህ ቁጥሮች ለጎለመሰ ተክል ናቸው፤ ጥጥም ቢሆን ሲበቅል ጨው ይጎዳዋል፣ ስለዚህ ከዘር በፊት አንድ ጠንካራ ውሃ ሰጥቶ የላይኛውን ጨው ማውረድ ያስፈልጋል።

የአፈሩን ጤና የሚመልሰው ብስባሽ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለም፣ ሁሉም ያውቀዋልና። በደንብ የበሰበሰ ፍግ በሄክታር ከ10 እስከ 20 ቶን ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ውሃ እንዲገባ ያደርጋል፤ ከበረት በቀጥታ የሚመጣው ትኩስ ፍግ ግን በሽንት ምክንያት ራሱ ጨዋማ ስለሆነ አንድ ክረምት ዝናብ ይምታው። ትልሙን በበቆሎ አገዳ ወይም በገለባ መሸፈን ትነቱን ስለሚቀንስ ለጨው ከሚደረጉት ሁሉ ርካሹ ነው፤ በእናንተ አካባቢ የሚያሰናክለው ምስጡና የሰው ከብት ነው፣ አጥር ከሌለዎት አይድከሙ። ዩሪያን በእንዲህ ያለ አልካላይ አፈር ገጽ ላይ በትኖ መተው ብዙ ናይትሮጅን ለአየር መስጠት ነው፤ ቀብረው ወዲያው ያጠጡት።

ጤነኛ በሆነው አንድ ሄክታር ተኩል ላይም አተካከልዎን ያስተካክሉ። ችግኙን የትልሙ ጀርባ አናት ላይ አይትከሉት፣ ጨዉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው፤ ወደ ጎኑ፣ ከውሃው መስመር ጥቂት ከፍ ብሎ ይሁን። በየአሥር ቀኑ ብዙ ውሃ ከማጠጣት በየአምስት ቀኑ መጠነኛ ውሃ ማጠጣት ሥሩ አካባቢ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። ከሰብሉ ፍላጎት በላይ ወደ ታች የሚያልፈው ውሃ ግን ከተመጠነ በላይ እንዳይሆን፤ ደህና ውሃ ላለው ሰው ለሽንኩርት ከ10 እስከ 15 በመቶ ትርፍ ይበቃል። አሁን እንደሚገባኝ ከላይኛው ክፍል የሚተርፈው ከዚህ በብዙ የበለጠ ስለሆነ ነው ታችኛው የታመመው። ወደ ጠብታ መስኖ ከገቡ፣ ካፊያ ሲጥል መስኖውን አይዝጉ፤ ትንሽ ዝናብ በጠብታው ዳር የተከማቸውን ጨው ወደ ሥሩ ይመልሰዋል።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎት። ኖራውን ይተዉት፣ ለነጋዴውም አይክፈሉ። በዚህ ሳምንት ሁለቱን ቱቦዎች ያስቀብሩ፣ የብርጭቆውን ሙከራ ያድርጉ፣ አፈሩንና ውሃውን ወደ ቤተ ሙከራ ይላኩ። በታመመው ግማሽ ሄክታር ላይ ሽንኩርት ከእንግዲህ አይትከሉ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ ሣር ወይም ማሽላ ይሸፍነው። ከላይኛው ክፍል የሚሰጡትን ውሃ አሁኑኑ ይቀንሱና ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ይወርድ እንደሆነ ለሁለት ወር ይከታተሉ። ከሁለት ሜትር በታች ከወረደ እጥበቱን በጥቅምት ይጀምሩ፤ ሶዲየም ከተገኘ ጀሶው ይቅደም። ውሃው ከገጹ በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ ቆሞ የማይወርድ ከሆነና በታችኛው ጫፍ መውጫ ቦይ ከሌለ፣ የኪራይ ውልዎም ሁለትና ሦስት ዓመት ብቻ የቀረው ከሆነ፣ ያንን ግማሽ ሄክታር ለማዳን ገንዘብ አያውጡ። ለጥጥ ወይም ለመኖ ይተዉት፤ ውሉ ሲታደስም ኪራዩ በአንድ ሄክታር ተኩል እንዲሰላ የቱቦውን ልኬት የያዘውን ደብተር ይዘው ከባለቤቱ ጋር ይነጋገሩ።